በቃል ያለ ይረሳል፦ የሱቅዎ ስም የማን ንብረት ነው?

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ስለ ግብር፣ ስለ ንግድ ፈቃድና ስለ ኢሚግሬሽን ወረቀት ነው። ዛሬ የምንነጋገርበት ንብረት ግን መደርደሪያ ላይ የማይቆጠር፣ ሚዛን ላይም የማይወጣ ነው። የሱቅዎ ስም፣ በታክሲዎ በር ላይ የተሣለው ምልክት፣ ደንበኛ የሚያመላልስልዎት የበርበሬዎ አዘገጃጀት፣ ያወጡት ዘፈን፣ ያሳተሙት መጽሐፍ፣ ጋራዥ ውስጥ አስበው የሠሩት መሣሪያ ሁሉ ሀብት ነው። እኛ የሒሳብ ሠራተኞች “የማይዳሰስ ሀብት” እንለዋለን፤ ሕጉ ደግሞ “የአእምሮ ንብረት” ይለዋል። አበው “በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ንብረት የተነገረ ይመስላል። ቤትና መኪና ያለ ሰነድ የማይገዛው ወገናችን፣ ለሃያ ዓመት የለፋበትን ስም ግን ያለ አንዳች ወረቀት ይዞት ይኖራል።

አስቀድሜ ልናገር፦ እኔ የሒሳብ ሠራተኛ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ጠበቃ ዘንድ ሲሄዱ ምን መጠየቅ እንዳለብዎት ማሳየት ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኤል.ኤል.ሲ. ማውጣት ስምን አያስከብርም

“ጆርጂያ ውስጥ ኤል.ኤል.ሲ. አውጥቻለሁ፤ ታዲያ ስሙ የእኔ አይደለም ወይ?” የሚል ጥያቄ ዘወትር ይቀርብልኛል። መልሱ አጭር ነው፤ ያ ብቻ አይበቃም። የጆርጂያ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ኩባንያዎን ሲመዘግብ የሚያጣራው በራሱ መዝገብ ላይ ከዚያ ስም የማይለይ ሌላ ኩባንያ አለመኖሩን ነው። ከኩባንያው ስም በተለየ ስም የሚነግዱ ከሆነ ደግሞ በካውንቲው ሱፒሪየር ኮርት ጸሐፊ ዘንድ የንግድ ስሙን ማስመዝገብ ግዴታዎ ነው። ይህም ቢሆን ሕዝቡ ከማን ጋር እንደሚነግድ እንዲያውቅ የተደረገ ነው እንጂ ብቸኛ ባለቤትነትን አይሰጥዎትም።

ስምን ንብረት የሚያደርገው በመጀመሪያ ደረጃ በሥራ ላይ መዋሉ ነው። በአንድ አካባቢ ስሙን ቀድሞ በንግድ የተጠቀመበት ሰው፣ ባያስመዘግበውም እንኳ በዚያው አካባቢ መብት አለው። ነገር ግን መብቱ ደንበኞቹ ካሉበት ክልል ብዙም አያልፍም፤ ክርክር ሲነሣም ቀድሞ መጠቀሙን የማስረዳቱ ሸክም በራሱ ላይ ይወድቃል።

ከዚህ የተሻለው በጆርጂያ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ዘንድ ስሙን በንግድ ምልክትነት ማስመዝገብ ነው። ይህ ከኤል.ኤል.ሲ. ምዝገባ የተለየ ነው። ክፍያው ለአንድ የዕቃ ወይም የአገልግሎት መደብ 15 ዶላር ሲሆን ለ10 ዓመት ያገለግላል፤ የሚጸናው ግን በጆርጂያ ውስጥ ብቻ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው በፌዴራሉ የፓተንትና የንግድ ምልክት ጽሕፈት ቤት የሚደረገው ምዝገባ ነው። ከጃኑወሪ 2025 ጀምሮ የማመልከቻው መነሻ ክፍያ ለአንድ መደብ 350 ዶላር ነው። አንዴ ከተመዘገበ በመላው አሜሪካ ይከበራል። በአምስተኛውና በስድስተኛው ዓመት መካከል ስሙ አሁንም በሥራ ላይ መሆኑን የሚገልጽ ማረጋገጫ ማስገባት፣ ከዚያም በየ10 ዓመቱ ማሳደስ ያስፈልጋል። እስከሠሩበትና እስካሳደሱት ድረስ ማብቂያ የለውም። “ስም ከመቃብር በላይ ይውላል” የሚባለው እዚህ ላይ በሕግም እውነት ነው።

ሁለት ጓደኛሞች ገንዘባቸውን አዋጥተው ቡፎርድ ሀይዌይ ላይ ምግብ ቤት ከፈቱ እንበል። ቤቱ ታወቀ፤ ሰው ወደደው። ከስድስት ዓመት በኋላ ተጣሉ። አንዱ ቤቱን ይዞ ቀረ፤ ሌላው ስቶን ማውንቴን ላይ በዚያው ስም ሌላ ቤት ከፈተ። ምድጃው፣ ወንበሩና የባንኩ ገንዘብ በሽማግሌ ሊካፈል ይችላል። ስሙ ግን እንደ ወንበር ለሁለት አይሰነጠቅም። ስለ ስሙ አንድ ዓረፍተ ነገር በውላቸው ላይ አስፍረው ቢሆን ኖሮ ለጠበቃ የሚከፍሉት በሺህ የሚቆጠር ዶላር በኪሳቸው ይቀር ነበር።

ከቡናችን የምንማረው

ይህ የትንንሽ ነጋዴዎች ጣጣ ብቻ አይደለም፤ ሀገራችንንም አግኝቷታል። በ2005 የኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት “ሲዳሞ”፣ “ሐረር” እና “ይርጋ ጨፌ” የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ማመልከቻ አስገባ። ዓላማው ስሙ የሚያስገኘው ተጨማሪ ዋጋ ከቡናው ጋር ተጉዞ በባዕድ ሀገር እንዳይቀር፣ ለገበሬውም አንድ ነገር እንዲደርሰው ለማድረግ ነበር። ሆኖም ስታርባክስ ከዚያ ቀደም ብሎ በ2004 “ሽርክና” ከሚል ቃል ጋር ሲዳሞ የሚለውን ስም ያካተተ ማመልከቻ አስገብቶ ተገኘ። ስሙ ለዘመናት የኖረው እኛ ዘንድ ነው፤ በመዝገብ ቤቱ ወረፋ ላይ ግን የሲያትሉ ኩባንያ ቀድሞ ቆሟል።

ይርጋ ጨፌ በ2006 ተመዘገበ። በሲዳሞና በሐረር ላይ ግን የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃውሞ አቀረበ፤ መርማሪዎቹም ስሞቹ የቡናውን ዓይነት የሚገልጹ እንጂ የአንድን ባለቤት ዕቃ ከሌላው የሚለዩ አይደሉም በማለት በመጀመሪያ አልተቀበሏቸውም። ጉዳዩ በዓለም አደባባይ ወጣ፤ ኦክስፋም ዘመቻ ከፈተ፤ ስታርባክስም ማመልከቻውን ተወው። በጁን 2007 ኢትዮጵያና ስታርባክስ የስሞቹን ባለቤትነት የሚያውቅ ስምምነት ተፈራረሙ። የቀሩት ሁለቱ ስሞችም በ2008 ተመዘገቡ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ እውነተኛው ባለቤትም ቢሆን ዘግይቶ ከደረሰ የገዛ ስሙን ለማስመለስ ዓመታት ይፈጅበታል። መንግሥት በነፃ የሚከራከሩለት ታላላቅ ጠበቆችና የዓለም ድርጅቶች ከጎኑ ቆመውለት ነበር፤ ለአንድ ባለሱቅ ግን ማን ዘመቻ ይከፍትለታል? ሁለተኛው፣ ዕቃውን ራሱን የሚጠራ ስም ለማስከበር አስቸጋሪ መሆኑ ነው።

ስም ሲመርጡ

“እንጀራ” የሚለውን ቃል ለእንጀራ መሸጫ ምልክት አድርገው ቢያመለክቱ፣ ፈረንጅ አማርኛ ስለማያውቅ ያልፍልኛል ብለው አያስቡ። ጽሕፈት ቤቱ የባዕድ ቋንቋ ቃል ሲቀርብለት ትርጉሙን ይጠይቃል፤ ትርጉሙ የሚሸጠውን ዕቃ የሚጠራ ከሆነ በእንግሊዝኛ እንደተጻፈ ይቆጥረዋል። “የኢትዮጵያ ምግብ” ወይም “የአትላንታ ታክሲ” የሚሉ ዓይነት ስሞችም የማንም ሊሆኑ ስለሚችሉ ጠንካራ ጥበቃ አያገኙም። የሚጠነክረው ከዕቃው ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት የሌለው ወይም እርስዎ ራስዎ የፈጠሩት ስም ነው።

ሌላው የእኛ ልዩ ችግር ፊደሉ ነው። አንድን የአማርኛ ቃል በላቲን ፊደል በአራትና በአምስት ዓይነት መጻፍ ይቻላል። “እኔ በአንድ ‘ኤል’ ነው የጻፍኩት፤ እርሱ በሁለት ነው” ብሎ መከራከር ግን ብዙም አያዋጣም። ሕጉ ፊደል እየቆጠረ አይደለም የሚያየው፤ የስሞቹን ድምፅ፣ መልክና ትርጉም እንዲሁም የንግዱን ዓይነት መዝኖ ደንበኛው ሊሳሳት ይችላል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ስለሆነም ምልክቱን ከማሠራትዎና መኪናውን ከማስቀባትዎ በፊት የጽሕፈት ቤቱን መዝገብ በኢንተርኔት በነፃ ይፈትሹ፤ የሚመስለዎትን አጻጻፍ ሁሉ እየለዋወጡ ይፈልጉ።

የታክሲ ባለቤቶችም አንድ ነገር ልብ በሉ። በአንድ ኩባንያ ስምና ቀለም ሥር ሲሠሩ ቆይተው ከለቀቁ፣ መኪናው የእርስዎ ቢሆንም በበሩ ላይ ያለው ስም የኩባንያው ነው። ስሙን ሳያስፋቁ ኤርፖርት ተሳፋሪ ማንሣት ለክስ ያጋልጣል። በአንጻሩ የራስዎን የሊሞ አገልግሎት ከጀመሩና በስምዎ ሌሎች አሽከርካሪዎች እንዲሠሩ ከፈቀዱ፣ ስሙ የማን እንደሆነና ሲለያዩ ምን እንደሚደረግ በጽሑፍ ያኑሩ።

ምስጢር የሚጠበቀው ሲጠብቁት ነው

ስለ ስምና ስለ ምስጢር የምንኖርባት ከተማ ትልቅ ምሳሌ አላት። ኮካ ኮላን በ1886 እዚሁ አትላንታ ያዘጋጀው ፋርማሲስቱ ጆን ፔምበርተን ነው። ስሙን ያወጣውና ያንን ጅራታም ፊደል በእጁ የጻፈው ግን ሒሳብ ያዡ ፍራንክ ሮቢንሰን ነው፤ የሙያ ባልደረባዬ ስለሆነ ሳልጠቅሰው አላልፍም። አሳ ካንድለር የመጠጡን መብት ጠቅልሎ የያዘው በ2,300 ዶላር ገደማ ነው። ስሙ በ1893 በንግድ ምልክትነት ተመዘገበ። መጠጡ የሚቀመምበት ዝርዝር ግን በፓተንት ሳይሆን በምስጢርነት እንዲጠበቅ ተደረገ። ምክንያቱም ፓተንት የሚሰጠው ሥራዎን ለሕዝብ ሲገልጡ ነው፤ ዘመኑ ሲያልቅ ደግሞ ማንም ይሠራበታል። ምስጢር ግን እስካልወጣ ድረስ ዕድሜ የለውም። ከ2011 ጀምሮ ዝርዝሩ የተቀመጠበት ካዝና መሐል ከተማ ባለው የኮካ ኮላ ሙዚየም ውስጥ ነው። በ2006 አንዲት የኩባንያው ሠራተኛ ከሁለት ሰዎች ጋር ሆና የኩባንያውን ምስጢር ለፔፕሲ ለመሸጥ ስትሞክር ፔፕሲ ራሱ አጋለጣት፤ በ2007 አትላንታ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት የ8 ዓመት እስራት ተፈረደባት።

የእርስዎ በርበሬ፣ ሽሮና እርሾም እንዲሁ ነው። የምግብ ቅመሞች ዝርዝር ብቻውን በቅጂ መብት አይጠበቅም። የሚያዋጣዎት የንግድ ምስጢር ሕግ ነው፤ ጆርጂያ በ1990፣ የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ በ2016 አውጥተውታል። ሁለቱም የሚጠይቁት አንድ ነገር አለ፦ ምስጢሩን በምስጢርነት ለመያዝ ተገቢውን ጥንቃቄ አድርገዋል ወይ? መጠኑን ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ የመጣ የሄደውን ሠራተኛ ሁሉ አስተምሮ፣ ኋላ “ምስጢሬን ሰረቀኝ” ማለት አያስኬድም። የሚያውቁትን ሰዎች ቁጥር ይወስኑ፤ ምስጢር የመጠበቅ ውል ያስፈርሟቸው።

የደንበኞች ዝርዝርም እንደዚሁ ነው። የጆርጂያ ፍርድ ቤቶች በወረቀት ወይም በኮምፒዩተር የተያዘውን ዝርዝር ይጠብቃሉ፤ ሠራተኛው በጭንቅላቱ ይዞት የሄደውን ግን በምስጢርነት አይቆጥሩም። አሽከርካሪዎ የቋሚ ደንበኞችዎን ስም በቃሉ ቢያውቅ ያንን ከአእምሮው ማውጣት አይቻልም። ለዚህ መድኃኒቱ አስቀድሞ የሚደረግ ሌላ ውል ነው፤ የትኛው ውል በጆርጂያ እንደሚጸና ጠበቃ ይጠይቁ።

የጤፍ ነገርና ፓተንት

ፓተንት ለአዲስ ፈጠራ የሚሰጥ መብት ሲሆን በአሜሪካ ዘመኑ ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ነው። ምን ያህል ኃይል እንዳለው ጤፋችን አሳይቶናል። በ2005 የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር በጤፍ ላይ የጥቅም መጋራት ስምምነት ተፈራረሙ። ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት ጠይቆ ኖሮ በ2007 ተፈቀደለት። በ2009 ኩባንያው ከሠረ፤ ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ ኩባንያ ተላለፈ። ከስምምነቱ ለሀገራችን የደረሰው ገንዘብ 4,000 ዩሮ ገደማ ብቻ ነበር። ፓተንቱ በሆላንድ የተሻረው በኖቬምበር 2018 ነው። ያኔም የሔግ ፍርድ ቤት የወሰነው ሁለት የሆላንድ ኩባንያዎች እርስ በርስ ባደረጉት ክርክር ነው። እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ በሚያውቁት እህል ላይ የተሰጠ ወረቀት እስኪሻር 11 ዓመት ፈጀ። ከወረቀት ጋር የሚታገል ሌላ ወረቀት በጊዜው ካልቀረበ ነገሩ እንዲህ ይረዝማል።

ምጣድ ያሻሻሉ፣ ለታክሲ የሚሆን መሣሪያ የፈጠሩ፣ የእንጀራ መጋገሪያ ማሽን የሠሩ ወገኖች ሦስት ነገር ይወቁ። አንደኛ፣ ከማርች 2013 ወዲህ በአሜሪካ ቅድሚያ የሚሰጠው ቀድሞ ለሚያመለክት ፈጣሪ ነው። ሁለተኛ፣ ዕቃውን ከሸጡ ወይም ለሕዝብ ካሳዩ በኋላ ለማመልከት ያለዎት ጊዜ አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ በብዙ ሀገሮች ደግሞ ያም የለም። በቪዲዮ ቀርጾ ለዓለም ማሳየትም ሰዓቱን ያስጀምራል። ሦስተኛ፣ ጊዜያዊ ማመልከቻ የሚባል ርካሽ መንገድ አለ፤ ቀን ይይዝልዎታል፣ ሙሉውን ለማዘጋጀትም 12 ወር ይሰጥዎታል። ገቢያቸው አነስተኛ የሆነና መስፈርቱን የሚያሟሉ ፈጣሪዎች ከአብዛኛው የመንግሥት ክፍያ 80 በመቶ ይቀነስላቸዋል።

ዘፈን፣ መጽሐፍ፣ ሥዕል

በአሜሪካ ሕግ የቅጂ መብት የሚወለደው ሥራው በወረቀት ወይም በቅጂ በተያዘበት ቅጽበት ነው፤ ዘመኑም ባለቤቱ በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ 70 ዓመት ነው። ይሁን እንጂ ክስ ለመመሥረት በአሜሪካ የወጣ ሥራ መመዝገብ አለበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2019 ማመልከቻ ማስገባት ብቻ እንደማይበቃና ምዝገባው መጠናቀቅ እንዳለበት ወስኗል። ከመሰረቁ በፊት ወይም ከታተመ በሦስት ወር ውስጥ ያስመዘገበ ሰው ጉዳቱን በዶላር ማስላት ሳያስፈልገው፣ ለአንድ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር፣ ሆን ተብሎ ከተደረገም እስከ 150,000 ዶላር ሊፈረድለት ይችላል። የምዝገባው ክፍያ ከ45 እስከ 65 ዶላር ነው። ጽሑፉን በፖስታ ለራስ ልኮ ሳይከፍቱ ማስቀመጥ ይበቃል የሚባለው ወሬ ምዝገባን አይተካም። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ጠበቃ ሳይያዝ እስከ 30,000 ዶላር የሚደርስ አቤቱታ የሚያይ ትንሽ የቅጂ መብት ችሎት በዋሽንግተን ተቋቁሟል፤ ተከሳሹ አልቀርብም የማለት መብት ግን አለው።

ኢትዮጵያ የበርን ስምምነት የሚባለው የዓለም የቅጂ መብት ውል አባል ሳትሆን ብዙ ዘመን ቆይታለች። በዚህ ምክንያት ሥራው በመጀመሪያ የወጣበት ሀገርና የባለቤቱ መኖሪያ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ትልቅ ልዩነት ያመጣል። እዚህ የሚኖር ደራሲ ወይም ድምፃዊ ሥራው ይጠበቅለታል። ስለዚህ መቼና የት እንደወጣ የሚያሳይ ማስረጃ ይያዝ።

ባለሱቆች በብዛት የሚሳሳቱት ደግሞ በምልክታቸው ሥዕል ላይ ነው። ለሠዓሊው ገንዘብ ስለከፈሉ ብቻ ሥዕሉ የእርስዎ አይሆንም። ተቀጣሪዎ ያልሆነ ሰው የሠራው ሥራ የቅጂ መብቱ የሚቀረው ከሠሪው ጋር ነው፤ የሚተላለፈውም በተፈረመ ጽሑፍ ብቻ ነው። የወንድምዎ ልጅ ቢሆንም ያስፈርሙት።

የሰው ንብረት በእኛ መደርደሪያ ላይ

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ራሳችን ንብረት ነው። ከዚህ የሚቀጥለውን ግን በተለይ ዜግነት ያላገኙ ወገኖች በጥሞና ቢያነቡት እወዳለሁ። የታወቀ ስም ተለጥፎበት በርካሽ የሚመጣ ሽቶ፣ ቦርሳ፣ መነጽር፣ ኮፍያና የስልክ ቻርጀር በጅምላ የሚያቀርቡ ሰዎች ወደ ሱቃችን ይመጣሉ። ዋጋው ያጓጓል። ነገር ግን ሐሰተኛ ምልክት ያለበትን ዕቃ አውቆ መሸጥ በፌዴራል ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋት እስከ 10 ዓመት እስራትና እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ያስከትላል። እውነቱን ላለማወቅ ሆን ብሎ ዓይንን መጨፈንም እንደ ማወቅ ሊቆጠር ይችላል።

ለእኛ ከገንዘቡ የሚብሰው የኢሚግሬሽኑ ጣጣ ነው። የኢሚግሬሽን ሕግ ከሐሰተኛ ምልክት ጋር የተያያዘ ወንጀልን፣ ቅጣቱ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ እስራት ከሆነ፣ “ከባድ ወንጀል” ከሚላቸው ውስጥ ይመድበዋል። ፍርዱ የታገደ ሆኖ አንድ ቀን እንኳ ሳይታሰሩ ቢቀሩም የተፈረደው ዓመት ይቆጠራል። የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድም በ2007 ሐሰተኛ ዕቃ መነገድን ከሥነ ምግባር ጉድለት ወንጀሎች መድቦታል። ውጤቱ የግሪን ካርድ መነጠቅ፣ ከሀገር መባረርና የዜግነት በር መዘጋት ሊሆን ይችላል። አሥራ አምስት ዓመት የተለፋበት ኑሮ በአንድ ካርቶን መነጽር ይፈርሳል ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ክስ የደረሰበት ሰው “ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ፈርም፣ በአመክሮ ትወጣለህ” ሲባል ከመፈረሙ በፊት ስለ ኢሚግሬሽን መዘዙ ይጠይቅ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 የወንጀል ጠበቃ ይህንን የማስረዳት ግዴታ እንዳለበት ወስኗል።

“እኔ አከራይ ነኝ፤ የሸጠው ተከራዩ ነው” ማለትም ሁልጊዜ አያድንም። በከተማችን ደቡብ፣ ኮሌጅ ፓርክ በሚገኝ የትንንሽ ሱቆች ገበያ ተከራዮች ሐሰተኛ የሬይባንና የኦክሌይ መነጽር ይሸጡ ነበር። ፖሊስ ደጋግሞ ፈተሸ፤ የመነጽሮቹ ባለቤት ኩባንያም ለአከራዮቹ ደብዳቤ ጻፈ፤ እነርሱ ግን ኪራዩን መሰብሰባቸውን ቀጠሉ። ዳኞቹ 1.9 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ፈረዱባቸው፤ እዚሁ አትላንታ የሚያስችለው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤትም በ2019 ፍርዱን አጸናው። ዕቃ ሲገዙ ደረሰኝ ይቀበሉ፤ የአቅራቢውን ስምና አድራሻ ይያዙ፤ ዋጋው ከማመን በላይ የረከሰውን አይንኩ።

በምግብ ቤት የሚሰማ ሙዚቃም ሕግ አለው። በ1998 የወጣው ሕግ ስፋታቸው ከ3,750 ስኩዌር ጫማ በታች የሆኑ ምግብና መጠጥ ቤቶች፣ ከ2,000 በታች የሆኑ ሌሎች ሱቆችም፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ያለ ክፍያ እንዲያሰሙ ይፈቅዳል። ሲዲ፣ ከስልክ የሚለቀቅ ዘፈን፣ ዲጄና ባንድ ግን በዚህ ፈቃድ ውስጥ አይገቡም። ለእነዚህ አስካፕና ቢ.ኤም.አይ. ከሚባሉት ዓይነት ድርጅቶች ፈቃድ መግዛት ያስፈልጋል። ዲጄው በራሱ የሚሠራ ቢሆንም ተጠያቂነቱ ለቤቱ ባለቤት ይደርሳል። ከእነዚህ ድርጅቶች ደብዳቤ ከመጣልዎት ቅርጫት ውስጥ አይጣሉት።

በሒሳብ መዝገብ ላይ

ንግድዎን ሲሸጡ ወይም ሲገዙ ዋጋው ለዕቃው፣ ለመሣሪያው፣ ለስሙና ለመልካም ዝናው ተከፋፍሎ በፎርም 8594 ለአይ.አር.ኤስ. ይገለጣል፤ የገዢውና የሻጩ ቁጥር ቢለያይ ጥያቄ ያስነሣል። ገዢው ለስሙና ለዝናው የከፈለውን በ15 ዓመት ከፋፍሎ ከገቢው ይቀንሳል፤ ምልክት ለማስመዝገብ የወጣ ወጪም በዚሁ መንገድ ይታያል። በሽያጭ ውሉ ላይ ስሙ ካልተጠቀሰ ግን ገዢው የገዛው ወንበርና ማቀዝቀዣ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ያለዎትን ይቁጠሩ። ስምዎን፣ ምልክትዎን፣ የምግብ አዘገጃጀትዎን፣ የደንበኞችዎን ዝርዝርና የስልክ ቁጥርዎን በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ጎንም ባለቤቱ ማን እንደሆነ የሚያሳይ ሰነድ መኖር አለመኖሩን ያስፍሩ። ሁለተኛ፣ ስሙን መጠቀም የጀመሩበትን ቀን የሚያሳይ ደረሰኝ፣ ፎቶግራፍና ማስታወቂያ ይሰብስቡ። ሦስተኛ፣ ሸሪክ ካለዎት ፍቅር ሳለ ተቀምጠው ስለ ስሙ ውል ይጻፉ። አራተኛ፣ ቢያንስ በጆርጂያ፣ ቢቻል በፌዴራል ደረጃ ስምዎን ያስመዝግቡ።

ዜግነት የለኝም ብለው አይፍሩ። የንግድ ምልክት፣ ፓተንትም ሆነ የቅጂ መብት ለመያዝ የአሜሪካ ዜጋ መሆን አያስፈልግም። ይሁን እንጂ የንብረት ባለቤት መሆንና በቪዛ ላይ ሳሉ ሥራ መሥራት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና በተማሪ ወይም በሌላ ቪዛ ያላችሁ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።

ማመልከቻ ካስገቡ በኋላ የመንግሥት የሚመስል ማኅተም ያለበት፣ ብዙ መቶ ዶላር የሚጠይቅ ደብዳቤ በፖስታ ሊመጣልዎት ይችላል። አድራሻዎ በሕዝብ መዝገብ ላይ ስለሚወጣ አጭበርባሪዎች ከዚያ እየቀዱ ይልካሉ። ሳይከፍሉ መጀመሪያ ጽሕፈት ቤቱን ራሱን ይጠይቁ። አቅም ለሌላቸው የጥበብ ሰዎችና ፈጣሪዎች ደግሞ አትላንታ የሚገኘው “ጆርጂያ ሎየርስ ፎር ዘ አርትስ” የሚባል ድርጅት ከበጎ ፈቃደኛ ጠበቆች ጋር ያገናኛል።

አበው “ሳይቃጠል በቅጠል” ይላሉ። ለአንድ የጎማ ቅያሪ የሚወጣ ገንዘብ ለልጅ የሚተርፍ ስም ያስከብራል። ግብር ለማሠራት ወደ ሒሳብ ሠራተኛዎ ሲሄዱ ከደረሰኞቹ ጋር ያንን ዝርዝር ይዘው ይሂዱ፤ ሰነድ የሌለውን መስመር ሁለታችሁ አብራችሁ እዩት።